እምዬን ማን ይጡራት? ጎጃም ያላችሁ ምከሩኝ

የእነማይ_ልጅ | ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 3:40

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ቤታችን ከቢቸና በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። የዛሬ ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ጠዋት እሳት ልታነድ ተነስታ እዚያው ምድጃው ሥር ወደቀች። ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ተሸክሞ አስፋልት አደረሳት። ሐኪም ቤት ስንደርስ ስትሮክ ነው አሉን። ሕይወቷ ተርፏል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ግን አልተመለሱም። ንግግሯም ተሳሰረ። ስትወጣ የሰጡን ወረቀት ላይ ያለው የክኒን ስምና የቀጠሮ ቀን ነው። ቤት ስትገቡ እንዲህ አድርጓት ያለን ሰው የለም።

አምስት ልጆች ነን። እኔ አዲስ አበባ እሠራለሁ። ታላቅ እህቴ ቤሩት ናት። አንዱ ወንድሜ ባሕር ዳር ያስተምራል። አንዱ እዚያው ያርሳል፤ እሱ የራሱ አራት ልጆች አሉት። እናቱን ማጠብም ያፍራል፣ እሷም ታፍራለች። የቀረችው ትንሿ ናት። 26 ዓመቷ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ጸጉር ቤት ነበራት። ‹‹እስኪሻላት›› ብላ ዘግታ ሄደች። ይኸው ዓመት ከወር ሆናት። ቤቱን አከራዩ ለሌላ ሰጥቶታል። የጸጉር ማድረቂያ ካስኩን ልሽጠው ወይ ብላ ባለፈው ጠይቃኛለች።

የመጀመሪያው ወር ቤቱ ሞልቶ ነበር። ጠያቂው እንጀራ በመሶብ፣ ጠላ በገንቦ ይዞ ይመጣል። ሦስተኛው ወር ላይ ሰንበት ሰንበት ብቻ ሆነ። አሁን የሚመጣው የንስሐ አባቷ ነው። ሰውን አልወቅስም። ሁሉም የራሱ እርሻ አለው።

በወር 6 ሺህ ብር እልካለሁ። ከቤሩትም ይመጣል። ለዳይፐር፣ ለክኒንና ለሳሙና ይውላል። ግን ነገሩ የገንዘብ ብቻ አልመስል አለኝ። ባለፈው ሄጄ ሦስት ሌሊት አደርኩ። እህቴ በሌሊት አራት ጊዜ ትነሳለች። በሦስተኛው ቀን እኔ ቆሜ መሄድ አቃተኝ።

እናንተ እንዴት አደረጋችሁ? ሰው ቀጠራችሁ? ወደ ከተማ አመጣችሁ? እምዬ ከቤቷ አትነቃነቅም። ‹‹ከቤቴ የምወጣው ወደ ጊዮርጊስ ነው›› ትላለች፣ በዚያ በተሳሰረ አፏ።

ዳሞት_ነኝ | ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 4:05

አይዞህ ብሮ። መፍትሔው የአረጋውያን ማእከል ነው። ቢኒያም በለጠ አዲስ አበባ ላይ መቄዶንያን ሲጀምር ጥቂት ሰው ይዞ ነው፤ ዛሬ የት እንደደረሰ አገር ያውቀዋል። በየዞኑ አንድ አንድ ቢከፈት ነገሩ አለቀ። ፈረንጅ አገር ሁሉም እንደዚያ ነው።

ጡረተኛው_መምህር | ኅዳር 15፣ ጠዋት 1:10

ልጄ፣ እናትህን ይማርልህ።

38 ዓመት አስተምሬ ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስለዚህ ስለ እናትህ ሳወራ ስለ ራሴም ነው።

ጡረታ የሚለውን ቃል ዛሬ ሰው የሚሰማው በየወሩ ባንክ እንደሚገባ ገንዘብ ነው። ሥሩ ግን መጦር ነው። ግእዙ ጾረ ይላል፤ ተሸከመ ማለት ነው። ስንመርቅ ‹‹ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ›› እንላለን። ሁለት ሥራ ነው የመረቅነው። ለቀባሪው እድር አቋቋምን፣ ሰነድ አወጣን፣ ቅጣት ደነገግን። ለጧሪው ግን ምርቃቱን ብቻ ተውንለት።

የመንግሥቱን በኩል ካነሳን፣ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ በ60 ዓመትህ ትወጣለህ። ይህ ደመወዝ ለነበረው ነው። እናትህ ዕድሜዋን ሙሉ ስታርም፣ ስትፈትል፣ ስትፈጭ የኖረች ሴት ናት። 7 በመቶ የሚቆርጥላት አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ይረዳል ይላል። ‹‹አቅም በፈቀደ መጠን›› የምትለዋን ሐረግ ሳስተምር በቀይ አሰምርባት ነበር።

ወጣት አገር ነን ይባላል። እውነት ነው፤ ከ65 ዓመት በላይ የሆነው ከመቶ ሦስት ያህል ነው። ግን ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሆነን ከመቶ ሦስት ማለት ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው። ደግሞ በ1990 እ.ኤ.አ. ገደማ አማካይ ዕድሜያችን 50 እንኳ አልሞላም ነበር። ዛሬ 65 አልፏል። ድሮ ስምንት ተወልዶ አንዱ እርሻው ላይ ይቀር ነበር። አሁን የሚወለደው አንሷል፤ እነሱም መናኸሪያውን ያውቁታል።

ዳሞት፣ ማእከል መልካም ነው። መቄዶንያ ግን ከጎዳና የሚያነሳው ሰው የሌለውን ነው። እኒህ እናት አምስት ልጅ አላቸው።

ሞጣ_ቀራንዮ | ኅዳር 15፣ ከቀኑ 8:30

ዳሞት፣ ማእከሉ ውስጥ ማን ነው የሚያጥበው? ያው ሴት አይደለች?

አማቴን ሰባት ዓመት ጦሬአለሁ። የመርሳት በሽታ ነበረባት። ሰፈሩ ‹‹ጃጅታለች›› ብሎ ዘጋው። እንጀራ ከትራሷ ሥር ትደብቃለች፤ ሲሻግት እኔ ነኝ ሌባዋ። ማታ ማታ ነጠላዋን አጣፍታ ‹‹አባቴ ቤት አድርሱኝ›› ትላለች። አባቷ ከሞተ 50 ዓመቱ! መጀመሪያ ላይ እከራከራት ነበር። በኋላ ግን ተማርኩ፤ ‹‹እሽ፣ ጨለማ ነው፣ ጠዋት እንሄዳለን›› እላታለሁ፤ ትተኛለች። ይህን ያስተማረኝ የለም። ራሴ ነኝ ያገኘሁት፣ ሦስት ዓመት ከተጣላሁ በኋላ።

ባሌ ‹‹እግዜር ይክፈልሽ›› ይለኛል። እግዜር ሒሳብ አይጠፋበትም። እኔ ግን ወገቤ ጠፋ።

ስትሞት ያ ሁሉ ሰው መጣ። ድንኳን ተጣለ፣ በሬ ታረደ። ‹‹እንዲህ ነው መጦር!›› ብለው አወደሱኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ግን አንድ ቀን ‹‹ዛሬ እኔ ልዋልላት፣ አንች ገበያ ውጪ›› ያለኝ የለም።

ወንድሜ፣ ስለ እህትህ ብዙ ጻፍክ። እሷ ምን እንደምትፈልግ ግን አልጻፍክም። ጠይቀሃታል?

የእነማይ_ልጅ | ኅዳር 15፣ ከቀኑ 9:02

አልጠየቅኋትም። እውነት ነው።

ሲስተር_ዘፍኖተሰላም | ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 2:15

ነርስ ነኝ። ክርክሩን ለእናንተ ትቼ ዛሬ ማታ ስለምትሠሩት ልንገርህ።

አንደኛ፣ የአልጋ ቁስል። በሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ነው፤ በጀርባ፣ በግራ፣ በቀኝ። እህትህ አራት ጊዜ የምትነሳው ለዚህ ከሆነ ትክክል ናት፤ ብቻዋን መሆኗ ነው ስህተቱ። ጋቢ አጥፋችሁ በጉልበቶቿ መሀል አድርጉ። ተረከዟ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቷ ሥር ትራስ ይግባ። መጽሐፉ ‹‹ቅላት ፈልግ›› ይላል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ አይታይም። የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም የደደረ ቦታ ካገኛችሁ ጀምሯል ማለት ነው። ቦታውን አታሹት። በዚያ በኩል አታስተኟት።

ሁለተኛ፣ ምግብ። ተኝታ አትመግቧት። ቀጥ ብላ ትቀመጥ፤ ከበላችም በኋላ ግማሽ ሰዓት ትቆይ። ስትውጥ የምታስላት ከሆነ ውሃው ነው የሚያስቸግራት፤ ወፈር ያለ አጥሚት ይሻላል። ማንኪያውን በደህናው ጎኗ በኩል ስጧት።

የደም ግፊት ክኒኑን ደግሞ ‹‹ዳነች›› ብላችሁ እንዳታቆሙ። ጠበሉም ይቀጥል፣ ክኒኑም ይቀጥል። ክኒን ባለቀበትና መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ሁለተኛው ስትሮክ ሊመጣ ይችላል። እኛ አገር መንገድ እንደሚዘጋ ታውቃላችሁ፤ የሁለት ወር ያዙ።

የቀኝ እጇን ጣቶች በቀን ሦስት አራት ጊዜ ቀስ ብላችሁ ዘርጉላት። ካልተዘረጉ ይጨበጡና ጥፍሯ መዳፏን ይበላዋል። አይቼዋለሁ።

ከርእሱ ትንሽ ልውጣ። ትራኮማ ከየትም በላይ የከፋው እኛ ክልል ነው። የዐይን ሞራም ብዙ ነው። ስንቱ ሰው ‹‹አረጀሁ›› ብሎ መደቡ ላይ ቁጭ ብሏል፣ በአጭር ቀዶ ሕክምና ማየት እየቻለ! አያታችሁ ካላዩ መሪ ልጅ ያስፈልጋቸዋል። ልጁ ደግሞ ከትምህርት ይቀራል። ስለ ጡረት ስናወራ ከዚህም መጀመር ነበረብን።

የመሬት_ደብተር | ኅዳር 16፣ ጠዋት 4:20

መሬት ቢሮ ሠርቻለሁ። የሚያስገርመኝ ነገር አለ። ይሄ ‹‹ሥርዓት የለንም›› የምትሉት ነገር፣ ገጠር ላይ በመሬት አለ።

ልጅ ያልደረሰላት ባልቴት የጎረቤትን ልጅ ወይም የእህቷን ልጅ ትጠራና ‹‹ጡረኝ፣ መሬቴ ያንተ ነው›› ትላለች። የክልሉ የመሬት ሕግም ባለይዞታው ለሚጦረው ሰው መሬቱን በስጦታ እንዲያስተላልፍ ይፈቅዳል። የሥጋ ዘመድ መሆን አይጠበቅበትም። በራሱ የእንክብካቤ ክፍያ ነው፤ በብር ሳይሆን በጥማድ።

ችግሩ መዝጋቢው መሬቱን እንጅ ጡረቱን አይመዘግብም። ስጦታው ከጸደቀ በኋላ እንጀራው መሳሳት ይጀምራል። ባልቴቷ ትካሰሳለች። ሌላው ልጅ ደግሞ ሃያ ዓመት ጠፍቶ በቀብሩ ማግስት ይመጣል። ውል ላይ ‹‹ትጦረኛለች›› ብቻ አታጽፉ። ምግብ፣ ልብስ፣ ሕክምና፣ ማጠብ እያላችሁ አስዘርዝሩ፤ ምስክርም ይኑር።

የቤተሰብ ሕጉም ልጅ ወላጁን እንዲቀልብ ያስገድዳል። ግን እስቲ የትኛዋ የጎጃም እናት ናት ልጇን ቀለብ ብላ የምትከስ?

የእነማይ ልጅ፣ የእናትህን መሬት ማን ነው የሚያርሰው?

የእነማይ_ልጅ | ኅዳር 16፣ ጠዋት 4:51

ወንድሜ። እኩል ያርሳል። ግማሹን ይወስዳል።

የመሬት_ደብተር | ኅዳር 16፣ ጠዋት 4:58

እንግዲህ እሱን የሚቀልበው ግማሽ መሬት ነው፤ እህትህ የምትጦረው ሙሉ እናት። አስቡበት።

ሰው_አገር | ኅዳር 16፣ ከምሽቱ 5:30

ጀርመን ነው ያለሁት። ሥራዬ ሽማግሌ መንከባከብ ነው። ትውልዴ ደምበጫ ነው። የእናቴ ነገር ሌላ ክር ይፈልጋል፤ ዛሬ አልነካውም።

ዳሞት ‹‹ፈረንጅ አገር ሁሉም ማእከል›› ላለው፦ አይደለም። እዚህ እንክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከአምስቱ አራቱ በላይ የሚኖሩት በቤታቸው ነው። ልዩነቱ ከኋላቸው ያለው ነገር ነው። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእንክብካቤ መድን አለ። ሠራተኛውም አሠሪውም ያዋጣሉ። ስትታመም ገምጋሚ ቤትህ ይመጣል። የሚጠይቅህ ምን በሽታ አለብህ ብሎ ብቻ አይደለም፤ ራስህ ትታጠባለህ ወይ፣ ራስህ ትበላለህ ወይ፣ ሌሊት ሰው ያስፈልግሃል ወይ ነው የሚለው። ከዚያ ከአምስት ደረጃ አንዱን ትይዛለህ። ልጅህ የምትጦርህ ከሆነ በየወሩ ጥሬ ገንዘብ አለ። እሷ ስትታመም ወይም እረፍት ስትወጣ ለምትክ ሰው የሚከፈል አለ። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ፣ በሳምንት 10 ሰዓትና ከዚያ በላይ የምትንከባከብ ልጅ፣ ሌላውን መስፈርት ካሟላች፣ የጡረታ መዋጮዋን መድኑ ይከፍልላታል። እናቷን በመጦሯ እሷ ራሷ ጡረታ እንዳታጣ ማለት ነው።

ጃፓንም በ2000 እ.ኤ.አ. ጀምራለች። እዚያ 40 ዓመት ሲሞላህ መዋጮ ትጀምራለህ። አገልግሎቱን ስትጠቀም ብዙው ሰው ከዋጋው 10 በመቶውን ነው የሚከፍለው። ከሕዝባቸው 29 በመቶ ያህሉ ከ65 በላይ ነው። ሲጀምሩት ግን እንዲህ አልነበረም፤ ከመቶ 17 ገደማ ነበሩ።

አላጋንንም። እዚህም ማእከል የገባ ሰው ከኪሱ የሚከፍለው ብዙ ነው፤ ቤቱን የሚሸጥም አለ። ሠራተኛ የለም፤ ለዚህ ነው እኔን የፈለጉኝ። አንዲት ሴትዮ በየቀኑ ‹‹ልጄ መቼ ይመጣል›› ትለኛለች። ሞጣ፣ ያንችን ‹‹ጠዋት እንሄዳለን›› እዚህ በሥልጠና ነው ያስተማሩን። አንች በነጻ አገኘሽው።

ሞጣ_ቀራንዮ | ኅዳር 17፣ ጠዋት 12:40

በነጻ አይደለም እባክህ።

ጡረተኛው_መምህር | ኅዳር 17፣ ጠዋት 2:00

እንግዲህ እኛ ጋ የደመወዝ ቆረጣ የሚያዋጣ ገበሬ የለም። ከምን እንጀምር? እኔ እድሩ ላይ ነው ዐይኔ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሰው ተቆጥሯል፣ ዳኛ አለው፣ ሳጥን አለው፣ ቃሬዛ አለው። የቀረው ለሕያው ሰው ማዘዝ ነው። ለቀብር የቀረ ሰው ይቀጣል። ለጡረት ተራ የቀረስ ለምን አይቀጣም?

ሞጣ_ቀራንዮ | ኅዳር 17፣ ጠዋት 2:25

የኔታ፣ ሎሚውን የሚሸከሙት ሃምሳ ሴቶች እንዳይሆኑ ብቻ። የእድሩ ዳኞች ወንዶች ናቸው፣ ተራ የሚወጣባት ሚስታቸው።

ጡረተኛው_መምህር | ኅዳር 17፣ ጠዋት 2:31

ተረታሁ። ወንዱም ተራ ይግባ።

ዳሞት_ነኝ | ኅዳር 17፣ ከቀኑ 6:10

እሽ ማእከሉን ለጊዜው ተውኩት 😅 ግን ጥያቄ አለኝ። ሴፍቲኔት አልነበረም ወይ? ጉልበት የሌለው ቤተሰብ ሥራ ሳይሠራ ድጋፍ ያገኛል ሲባል ሰምቻለሁ። የጤና መድኑስ?

የመሬት_ደብተር | ኅዳር 17፣ ከቀኑ 7:00

ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ የምትለው ቀጥታ ድጋፍም አለበት። ግን የተነደፈው የምግብ እጥረት ላለባቸው ወረዳዎች ነው። ጎጃም ትርፍ አምራች ስለሚባል አብዛኛው ወረዳ አልገባበትም። ጤፍ በዛ ማለት ሽማግሌ የለም ማለት ይመስል።

ሲስተር_ዘፍኖተሰላም | ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 1:45

የማኅበረሰብ ጤና መድኑ ሕክምናውን ይሸፍናል። ዳይፐር፣ አልጋ፣ ቤት መጥቶ የሚያገላብጥ ሰው አይሸፍንም። እናትየው ከሐኪም ቤት በር ከወጡ በኋላ የማንም አይደሉም።

በየቀበሌው ግን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ ሁለት ሁለት ተብለው ነው የጀመሩት። ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ሥራቸው በብዛት እናትና ሕፃን፣ ክትባት፣ መጸዳጃ ቤት ነው። በዚያ ብዙ ሕፃን አተረፉ። አሁን ያ ሁሉ ሰው ያረጃል። በወር አንድ ጊዜ አልጋ የያዘ ሰው ያለበትን ቤት አንኳኩተው ግፊት ቢለኩ፣ ጀርባ ቢያዩ፣ የምትጦረውን ሴት ቁጭ አድርገው ቢያሠለጥኑ ትልቅ ነገር ነው። በደመወዛቸው ላይ ሌላ ሥራ ብቻ ጨምሩባቸው ማለቴ አይደለም። ሰው ይጨመር፣ ይከፈል።

የእነማይ_ልጅ | ኅዳር 29፣ ከምሽቱ 4:15

ጠፋሁ፣ ይቅርታ። ኔትወርክም አልነበረም፣ እኔም አገር ቤት ሄጄ ነበር።

እህቴን ጠየቅኋት። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች። ከዚያ ቡናውን አውርዳ ሦስት ነገር ነገረችኝ።

አንድ፣ ካስኩን አትሽጡብኝ። ቅዳሜን ብቻ ስጡኝ፣ ቢቸና ጓደኛዬ ጋ ሹሩባ እሠራለሁ። ሁለት፣ መደቡ ዝቅ ብሎ ወገቤን ገደለው፤ ከፍ ያለ አልጋ ግዙ። ለዓመት ከምናምን ገንዘብ ስልክ አልጋ ትዝ አላለኝም፤ አፈርኩ። ሦስተኛው ከባድ ነው። ‹‹ከእኔ ቀጥሎ ተራው የማን ነው?›› አለች። ‹‹እስከ መቼ›› አላለችም።

አልጋውን አናጢ ሠራው። እህል ቤቱን ጠርገን እዚያ አስገባነው፤ መስኮት አለው፣ እምዬ ደጁን ታያለች። የቅዳሜውን ነገር ከወንድሜ ጋር ተነጋገርን። እኩል ማረሱን ጋሽ መሬት ደብተር እንዳሉት አነሳሁበት። ተቆጣ። ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን ሚስቱን ቅዳሜ ልኬአለሁ አለ። ሞጣ፣ ገባኝ፣ አሁንም ሴት ናት። እሱን ግን ሌሊት ለማገላበጥ በሳምንት ሁለት ቀን እንዲያድር አስማልነው። አንድ ሳምንት አድሯል። ሁለተኛውን እናያለን።

ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የለንም። ባሕር ዳር ያለው ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ሁለት ወር እገባለሁ ብሏል። እኔ ከታኅሣሥ 10 ጀምሮ የዓመት እረፍቴን ሁሉ ወስጃለሁ፣ 20 ቀን። እህቴ ማርቆስ ትሄዳለች።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሲስተር ነው። 20 ቀን ብቻዬን ነኝ። እናቴን እንዴት ላጥባት? እሷ ታፍራለች። እኔም አላውቅበትም።

ሲስተር_ዘፍኖተሰላም | ኅዳር 29፣ ከምሽቱ 4:50

ሙሉ አትግለጣት። በትልቅ ነጠላ ሸፍነህ ክፍል ክፍሉን አውጣ፦ ፊት፣ እጅ፣ ጀርባ፣ እግር። አንዱን አጥበህ አድርቀህ ሸፍነህ ወደ ሌላው። ውሃውን በክርንህ ሞክረው፤ ቀኝ ጎኗ ቃጠሎ ላይሰማት ይችላል። የምትሠራውን አስቀድመህ ንገራት፤ ‹‹እምዬ አሁን ጀርባሽን ነው›› በላት። ለኀፍረተ ሥጋዋ ደግሞ እርጥቡን ጨርቅ በእጇ ስጣትና ፊትህን አዙር። የምትችለውን ራሷ ትሥራው። ግራ እጇ እንዴት ነው?

የእነማይ_ልጅ | ኅዳር 29፣ ከምሽቱ 4:58

ግራ እጇ ደህና ነው። ትናንት ፍንጃሉን ራሷ ያዘችው።